የሻንሲ ስንጥቅ፦ ከየት ይነሣል፣ እንዴት ይጠገናል

ብረት አንድ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይታጠፋል ወይም ይሰበራል። አብዛኛው የመኪና ስንጥቅ ግን በዚህ መንገድ አይመጣም። ብረቱ በቀላሉ የሚችለው ጭነት ሺህ ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት አንድ ቦታ ላይ በዓይን የማይታይ ጭረት ይፈጠራል፤ ጭረቱም በእያንዳንዱ ንዝረት ትንሽ ትንሽ እየረዘመ ይሄዳል። መሐንዲሶች ይህን የብረት ድካም ይሉታል። የመኪና አካል በሚሄድበት ጊዜ በሰከንድ አንድ ጊዜ ወይም ትንሽ በዛ ብሎ ከፍና ዝቅ ይላል። ከወልቂጤ አዲስ አበባ ያለው 158 ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ቢያልቅ፣ በአንድ ጉዞ ብቻ ሻንሲው ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ታጥፎ ተመልሷል ማለት ነው። በጉራጌ ደጋ ካለችው ከአገና ተነሥቶ የሚወርድ ሚኒባስ ደግሞ ከዋናው አስፋልት በፊት ያለውን የደጋ መንገድ ይጨምርበታል።

የብረት ድካም የታወቀው ከመኪና በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ አክሰል በመሰበሩ ከ50 በላይ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ጀርመናዊው መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ከ1850ዎቹ እስከ 1870 በዘለቀ ሥራው የባቡር አክሰሎችን ደጋግሞ በመፈተን ሁለት ነገር አረጋገጠ። ጭነቱ በጨመረ ቁጥር ብረቱ የሚችለው ድግግሞሽ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ጭነቱ ከአንድ ወሰን በታች ከሆነ ግን ብረቱ ያለ ገደብ ቢመላለስበትም አይሰበርም። ሁለተኛው ግኝት የሚያጽናና ይመስላል፤ ነገር ግን የሚሠራው ለጤናማ ብረት ነው። ዝገት የበላውና በጥሩ ሁኔታ ያልተበየደ ብረት ያንን ወሰን ያጣል። አሉሚኒየም ደግሞ ከመነሻውም ግልጽ የሆነ ወሰን የለውም።

ስንጥቅ በዘፈቀደ ቦታ አይጀምርም። መርካቶ ያለ የጨርቅ ነጋዴ ጣቃውን ለክቶ ጫፉን በመቀስ ነካ ያደርግና ቀሪውን በእጁ ይቀደዋል፤ ያልተነካውን ጨርቅ እንደዚያ ልቅደድህ ቢለው አይሆንለትም። በብረትም እንዲሁ ነው። ሹል ሆኖ የተቆረጠ ማዕዘን፣ በችኮላ የተበሳ ቀዳዳ፣ የብየዳ መጨረሻ፣ የማጠናከሪያ ላሜራ በድንገት የሚያበቃበት መስመር፣ ዝገት የቆፈረው ጉድጓድ፣ እነዚህ ሁሉ የመቀሱን ሥራ ይሠራሉ። ጭነቱ ተሰብስቦ እዚያ ያርፋል። አንድ መኪና ተሰንጥቆ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ይበይደዋል?» ሳይሆን «ጭነቱ ለምን እዚህ ተሰበሰበ?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሚበየድ ስንጥቅ ከጥቂት ወራት በኋላ በብየዳው ጠርዝ በኩል ተመልሶ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ በያጁን ይወቅሳል፣ በያጁም ብረቱን።

በተበየደ መገጣጠሚያ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከጫናው ጋር እኩል እየተራመደ አያድግም፤ እንደ ጫናው ሦስተኛ ርቢ ያድጋል። ጫናው በሩብ ቢጨምር የመገጣጠሚያው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። በእጥፍ ቢጨምር ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ለጉራጌ መስመር ይህ ስሌት ልዩ ትርጉም አለው። በመስቀል ሰሞን ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች አገር ቤት የሚገባው ሰው መኪናውን ሁሉ ይሞላዋል፤ ወንበር ያላገኘው መሐል ይቀመጣል፣ ዕቃው ጣሪያ ላይ ይቆለላል። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ አልተደለደለም። ትርፍ ጭነት፣ ጉድጓድና ጥድፊያ በአንድ ሳምንት ይገጥማሉ። የጉራጌ ሕዝብ ከ1950ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ በማስጠረግ የታወቀ ነው፤ ለመንገድ የወጣ ብር ከሌላው ጥቅሙ በተጨማሪ የሻንሲ ዕድሜ መግዣም እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም።

መኪኖች በሁለት ዓይነት አጽም ይሠራሉ። አይሱዙን የመሰሉ የጭነት መኪኖችና በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አካላቸው እዚሁ አገር የሚሠራላቸው ቅጥቅጥ አውቶቡሶች መሰላል የሚመስል ሻንሲ አላቸው፤ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች በአግዳሚዎች ተያይዘው። በእነዚህ ላይ ስንጥቅ የሚበዛው የኋላ ባሌስትራው ከሻንሲው ጋር በሚያያዝበት፣ ከካቢኑ በስተኋላ፣ እንዲሁም አግዳሚው ከቋሚው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ከእዣ ወረዳና ከአካባቢው የሚጫነው የባህር ዛፍ አጣና ረጅም ስለሆነ ከኋላ አክሰሉ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል። ያ ተርፎ የወጣ ክብደት በየጉድጓዱ ሻንሲውን አክሰሉ ላይ ደግፎ ወደ ታች ይሰብረዋል። ስለዚህ ሚዛኑ ተመሳሳይ የሆነ የቆጮና የአጣና ጭነት ሻንሲውን እኩል አይጎዳም።

የቤት መኪኖችና ሚኒባሶች ሁለተኛው ዓይነት ናቸው። የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ወለሉ፣ ጎኑና ጣሪያው ተበይደው አንድ ሳጥን ይሆናሉ፤ ላሜራው ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በሚኒባስ ሹፌሩ ከፊት ጎማዎቹ በላይ ስለሚቀመጥ፣ ሞተሩም ከወንበሩ ሥር ስለሆነ የፊቱ ወለል ብዙ ይሸከማል። የተንሸራታቹ በር ትልቅ ክፍተት ደግሞ ሳጥኑን በአንድ ጎን ያላላዋል። በሩ ድሮ በአንድ ግፊት ይዘጋ የነበረ መኪና አሁን በሩን ማንሣት ከፈለገ፣ በሩ ላይ ከመፍረድ በፊት የወለሉን ንጣፍ ገልጦ ማየት ይሻላል።

አሮጌ ቮልስ የራሱ ታሪክ አለው። ባትሪው የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ከባትሪው የሚያመልጥ አሲድ ዓመት ቆጥሮ ከሥሩ ያለውን ወለል ይበላዋል። በወለሉ መሐል የሚያልፈው ቱቦ የመኪናው አከርካሪ ስለሆነ፣ ግራና ቀኙ ሲበሰብስ አከርካሪው ብቻውን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያው የፖርሽ መኪና፣ ማለትም 356፣ በቮልስ አካላት ላይ ተመሥርቶ እንደተሠራ ያስታወሰ ሰው ግን አሮጌ ቮልሱን በቀላሉ አይጥለውም።

ኃይለኛና ፈጣን መኪኖችም ከስንጥቅ አያመልጡም። ሞተራቸው ብዙ ይገፋል፣ ሰስፔንሽናቸውም ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። በዓለም ላይ ብዙ የተወራለት ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የተሠራው የቢኤምደብሊው 3 ሲሪስ ነው፤ በመኪና ወዳጆች ዘንድ ኢ46 ይባላል። የኋላ አክሰሉን የያዘው ፍሬም በአራት ቡሎኖች ከወለሉ ላሜራ ጋር ታስሯል። ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥና ሲለቅ አክሰሉ ወደፊትና ወደኋላ ይጠመዘዛል፤ ጥምዘዛው በቡሎኖቹ ዙሪያ ያለውን ቀጭን ላሜራ ይቀደዋል። በጣም ፈጣን በሆነው ኤም3 ላይ ችግሩ ይብሳል። የሚሠራው ጥገና ስንጥቁን በመበየድ አያቆምም፤ በአራቱም መቀመጫዎች ላይ ወፍራም ላሜራ ተጨምሮ ጫናው ሰፋ ወዳለ ቦታ እንዲበተን ይደረጋል፣ ጠንቃቃዎቹ ባለሙያዎች ደግሞ ከላይ በሻንጣው ክፍል በኩል ሌላ ማገር ያስገባሉ። የዚህ ጥገና አስተሳሰብ ለሚኒባስም ለአይሱዙም ይሠራል።

በኢትዮጵያ የጉዳዩ ክብደት እየጨመረ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው እያከበደ መቅረጥ ጀመረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ውሳኔዎቹ የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ውጤታቸው ግን በመንገድ ላይ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከታሰበላቸው ዘመን በላይ እንዲቆዩ ነው። ሞተር ይቀየራል፣ ካምቢዮ ይቀየራል፤ አጽሙ ግን ያው ነው።

ስንጥቅ ከመጠገኑ በፊት መገኘት አለበት። ከታች በጭቃና በዘይት የተለበደ ብረት ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ መኪናው ታጥቦ ይደርቃል። የመጀመሪያው ምልክት በቀለሙ ላይ የሚታይ ፀጉር መሰል መስመርና ከመስመሩ ሥር የሚወርድ ቡናማ የዝገት እንባ ነው። የሚጠረጠረው ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብለጨልጭ ይጸዳል። ከዚያ ላምባ ይቀባና ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፤ ላምባው ቀጭን ስለሆነ ወደ ስንጥቁ ሰርጎ ይገባል። ላዩ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይወለወልና በጠመኔ ዱቄት ነጭ ይደረጋል። በመዶሻ እጀታ አካባቢውን ቀስ ብለው ሲመቱት ውስጥ የቀረው ላምባ ወደ ጠመኔው ይወጣና ስንጥቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ እርጥብ ጥቁር መስመር ሆኖ ይሳላል። ታላላቅ ጋራዦች ለዚሁ ሥራ በጣሳ የሚመጣ ቀይ ፈሳሽ ይጠቀማሉ፤ የሚሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ደግሞ ትንሽ ማግኔት ኪሱ ውስጥ ቢይዝ አይከስርም፦ ባትላሜራው በስቱኮ የሸፈነው ቦታ ማግኔት አይዝም።

ሁሉም የተሰነጠቀ ነገር አይበየድም። ባሌስትራና ሞላ ጠንካራ የሚሆኑት በሙቀት ታክመው ስለሆነ የብየዳ እሳት ሲነካቸው ወይ ይደርቃሉ ወይ ይለሰልሳሉ፤ ባሌስትራ ሲሰበር ይለወጣል እንጂ አይበየድም። የመሪ ዘንጎች፣ የጎማ ተሸካሚ ክንዶችና አክሰልም እሳት አይነካቸውም። የተሰነጠቀ የአሉሚኒየም ቸርኬ በአርጎን ተበይዶ ሊያምር ይችላል፤ ሆኖም በብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት ጥንካሬው በጉልህ ስለሚቀንስ ለጉዞ መታመን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሎተስ ኤሊዝ የሚባለው የእንግሊዝ የስፖርት መኪና አጽሙ በማጣበቂያ የተያያዘ አሉሚኒየም ነው፤ በብየዳ አይጠገንም።

ወደ ሥራው ሲገባ ችቦው ከመለኮሱ በፊት ብዙ ነገር አለ። መኪናው ጭነቱን አራግፎ ደልዳላ ወለል ላይ ይቆማል። የባትሪው ገመድ ይፈታል፣ የነዳጅ ታንኩ ይወርዳል ወይም ይርቃል፣ የጎማ ቱቦዎችና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ከአካባቢው ይነሣሉ። የብየዳው መሬት ገመድ ከስንጥቁ አጠገብ መታሰር አለበት፤ ራቅ ብሎ አክሰል ላይ ከታሰረ የብየዳው ኤሌክትሪክ በኩሽኔታ ውስጥ እያለፈ ያበላሸዋል።

ቀጥሎ ሻንሲው ቀጥ ያለ መሆኑ ይረጋገጣል። ከሻንሲው ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ካሉ ተመሳሳይ ቀዳዳዎች ቱንቢ ይወርድና ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል። መኪናው ይገፋና በአራቱ ምልክቶች መካከል ያሉት ሁለት ሰያፍ መስመሮች ይለካሉ። እኩል ካልሆኑ ሻንሲው ተጣሟል። ይህን ያልለካ በያጅ የጎበጠውን እንደ ጎበጠ ያስርና ጉብጠቱን ለዘለቄታው ያጸናዋል። ብዙ ጋራዥ ይህን እርምጃ ይዘልላል፤ ለሁለት ሰዎች ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ስለሆነ መዘለሉ ሰበብ የለውም።

የስንጥቁ ትክክለኛ ጫፍ ከሚታየው ጫፍ ትንሽ ያልፋል። ስለዚህ በትራፓኖ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀዳዳ ከሚታየው ጫፍ ጥቂት አልፎ ይበሳል፤ ክብ ቀዳዳ ጫናውን በዙሪያው ስለሚያካፍል ስንጥቁ መንገዱን ያጣል። ይህ ለጊዜው ማቆያ ነው፤ ብየዳ በሌለበት ቦታ ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ እስኪደረስ ያገለግላል። ከዚያ ስንጥቁ በሙሉ ርዝመቱ በግራይንደር ተከፍቶ ጎድጓዳ ሰያፍ ይሆናል፤ ላዩን ብቻ የተበየደ ስንጥቅ ከሥሩ ስንጥቅ እንደሆነ ይቀራልና። ሁለቱ ጠርዞች እስከ ታች ከተገናኙ በኋላ በጀርባ በኩልም ይበየዳል። ሲያልቅ እብጠቱ በግራይንደር ተስተካክሎ ይለሰልሳል፤ የግራይንደሩ ጭረት ጫናው በሚሄድበት አቅጣጫ እንጂ በሱ ላይ ተጋድሞ መቅረት የለበትም።

ለወፍራም ሻንሲ 7018 የሚባለው ኤሌክትሮድ ከተለመደው 6013 ይሻላል፤ አንድ ሁኔታ ግን አለው። ሽፋኑ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ በእሳቱ ውስጥ ሃይድሮጅን ይሆንና ከብየዳው ሰዓታት ወይም ቀናት በኋላ ብረቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። በአገና ደጋ፣ ክፍት ፓኬት በክረምት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የከረመ 7018 መጠቀም ከ6013 የባሰ ሥራ ነው። ወይ አዲስ ፓኬት ይከፈታል፣ ወይ ኤሌክትሮዱ ከ300 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ይደርቃል። ለሚኒባስና ለቤት መኪና ቀጭን ላሜራ ደግሞ ኤሌክትሮድ ጨርሶ አይመከርም፤ ላሜራውን ይበሳዋል። በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠራው ሚግ ብየዳ፣ በአጫጭር ነጥቦች እየዘለለ፣ ሙቀቱ እንዳይጠራቀም ሆኖ ይሻላል።

ማጠናከሪያው ላሜራ የጥገናው ግማሽ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራውም በሱ ነው። ከምናለሽ ተራ የሚገዛ ቁራጭ ብረት ምን ዓይነት እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ግራይንደር ላይ ሲያስነኩት ፍንጣሪው ረጃጅምና ጥቂት መስመር ከሆነ ለስላሳ ብረት ነው፣ ይበየዳል። ፍንጣሪው አጭር ሆኖ እንደ ርችት ከፈነዳ ካርቦኑ የበዛ፣ ምናልባትም የባሌስትራ ዘር ነው፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ላሜራው ከሻንሲው ብረት እኩል ወይም ትንሽ ቀጭን ይሁን። የወፈረው ሁሉ ይጠነክራል የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ አንድ ቦታ ላይ የማይነቃነቅ ድንጋይ ቢቀመጥ መታጠፉ ሁሉ ወደ ዳሩ ይገፋና ሻንሲው እዚያ ይሰነጠቃል። በዚሁ ምክንያት የላሜራው ጫፎች በቀጥታ ተቆርጠው አይተዉም፤ እየጠበቡ ሄደው ወደ ሹል ይቋጫሉ፣ ጫናው በአንድ መስመር ላይ ድንገት እንዳይወርድ። ብየዳው ረጅሙን ጠርዝ ይከተላል። በቋሚው የላይና የታች ከንፈር ላይ ተሻግሮ መበየድም ሆነ መብሳት አይገባም፤ የሻንሲው ከባድ ጫና ያለው እዚያ ነውና። የፋብሪካ ቡሎን ወይም ሪቬት ያለበት መገጣጠሚያ በብየዳ ፋንታ በቡሎን ቢታሰር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሁለት ላሜራዎች መካከል ውሃ ከገባ ዝገቱ ከውስጥ ይጀምራል። ከመበየዱ በፊት በሚገናኙት ገጾች ላይ የዚንክ ቀለም ይቀባል፣ ከተበየደ በኋላም ጠርዙ ተደፍኖ ይቀባል። የተቃጠለ ዘይት ከመኪና ሥር የመርጨት ልማድ ለብረቱ ትንሽ ይጠቅም ይሆናል፤ ጎሚኒውንና የሞተር ሱፖርቶውን ግን ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል። ጎሚኒ ሲበላሽ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ብረቱ ይገባል፤ ዝገትን ለመከላከል የተረጨው ዘይት በዚህ መንገድ ስንጥቅን ይጠራል።

መከላከል ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። ያረጀ አሞርዛቶር፣ ያለቀ ጎሚኒና የላላ ቡሎን እንደ ጉድጓድ ሁሉ ሻንሲ ይሰነጥቃሉ፤ ዋጋቸውም ከሻንሲ ብየዳ ያንሳል። ተጨማሪ ባሌስትራ ደርቦ ትርፍ መጫን የተለመደ ዘዴ ነው። ባሌስትራው አይሰበርም፣ የማይታጠፈው ጫና ግን ባሌስትራው በተያያዘበት ቦታ ወደ ሻንሲው ይተላለፋል። ጭነት ሲደረደር ከባዱ ወደ ሁለቱ አክሰሎች መካከል ይቀርባል፤ አጣና በግድ ወደ ኋላ ከወጣ መጠኑ ይቀነሳል። ለጉራጌ መስመር መኪኖች ጥሩው የምርመራ ጊዜ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ነው፤ ከመስቀል በፊት ለጥገና ጊዜ ይተርፋል። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ይህን አይተካም፤ መኪናው ታጥቦ፣ ከሥር ገብቶ በላምባና በጠመኔ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። አዲስ የተበየደ ቦታም 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ በዚሁ መንገድ አንድ ጊዜ ይታያል።

አንዳንድ ሻንሲ አይጠገንም። ቋሚው ላይ ዝገቱ በመዶሻ ጫፍ ሲነካ የሚበሳ ከሆነ ብየዳ የሚይዘው ጤናማ ብረት የለም። አንድ ቦታ በትክክል ተጠግኖ፣ መንስኤው ተነሥቶ፣ ማጠናከሪያ ገብቶለት ዳግመኛ ከተሰነጠቀ ብረቱ ዘመኑን ጨርሷል። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ ሻንሲውን መለወጥ ወይም መኪናውን ለመለዋወጫ ማፍረስ ነው። የሻንሲው ቁጥር በሊብሬው ላይ የተመዘገበ በመሆኑም ቁጥሩ የተመታበት ብረት ከመቆረጡ በፊት መኪናው ወደ ተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል።